ሰባት ቤት የተቆጠረላቸው ወፎች

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ነገሩ የወፎች ነገር ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ርስት አልተነጠቀበትም፤ ከጎንደር ከተማ ሰውም ቢሆን ታሪኩን የሚያውቁት ከአምስት አይበልጡም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንድ ቀን አብራኝ የምትኖረው ተማሪ «ምን እየጻፍሽ ነው?» ብትለኝ «የቤት ሥራ ነው» ብዬ ዋሸኋት። ስለ ወፎች ነው ማለት አሳፈረኝ። ነገር ግን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኛል፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ሳላስቀምጠው ከቆየሁ በነገሩ ውስጥ የራሴ ድርሻ የቱ እንደነበረ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

አባቴ የጃናሞራ ሰው ነው። በልጅነቱ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት ወደ ጎንደር መጥቶ ቁም ጽሕፈት ተማረ። ብራና እየፋቀ፣ ቀለም እየበጠበጠ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይገለብጥ ነበር። ጣሊያን ሲገባ መጽሐፍ የሚያስገለብጥ ሰው ጠፋና በአንድ የጣሊያን ሹም ቪላ ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሹሙ ከአበቦቹ ይልቅ የሚወደው ወፎቹን ነበር። በትልቅ የሽቦ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወፎች ያኖር ነበር፤ ሁለቱንም ፋጃኖ ይላቸዋል። ለሥጋ አይደሉም፣ ለእንቁላልም አይደሉም፣ ለዓይን ብቻ ናቸው። የአንደኛው ዓይነት ወንድ አናቱ ላይ እንደ ሐር ክር የሚፈስ ቢጫ ጉትዬ አለው፤ አንገቱ ላይ በጥቁር የተሰመረ ብርቱካንማ ካባ፣ ሆዱ ደማቅ ቀይ፣ ጅራቱ ክንድ የሚያህል። የሁለተኛው ወንድ ካባው ነጭ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ በጥቁር የተከፈፈ ነው፤ ደረቱ አረንጓዴ፣ ጅራቱ ከፊተኛውም ይረዝማል። የሁለቱም ሴቶች ግን ቡናማና ዝንጉርጉር ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። የሰፈራችን ሰዎች በጅምላ «የጣሊያን ቆቅ» ይሏቸው ነበር።

በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ቪላው ባዶውን ቀረ። አባቴ ከወርቃማዎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በቅርጫት ይዞ ከቀሃ ወንዝ በላይ ወዳለው ቤታችን መጣ። የዚያው ቪላ ወጥ ቤት የነበሩት ሰውዬ ደግሞ ነጫጮቹን ወሰዱ። እኚህ ሰው በኋላ አዘዞ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተው መኮሮኒና ጥብስ ይሸጡ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «አያ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም አያ እላቸዋለሁ።

እናቴ የሞተችው አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ፊቷን ከማስታውሰው ይልቅ ከሞተች በኋላ የመጣውን ጸጥታ አስታውሳለሁ። አባቴ እንደገና አላገባም። ሌሎች ቤቶች ውስጥ ሲንጫጩ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ እሰማ ነበር፤ የእኛ ቤት ድምፅ የወፎቹ ነበር። ጠዋት ወንዱ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ አባቴ ጎመን ይከትፍላቸዋል፣ እኔ ውሃቸውን እቀይራለሁ። ከዚያ እሱ ወደ ሥራው፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ማታ ስንገናኝ የምናወራው ስለ እነሱ ነው። ስለ ሌላ ነገር ማውራት የጀመርን እንደሆነ ወደ እናቴ እንደርሳለን፤ ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር መሰለኝ።

እሑድ ግን የተለየ ቀን ነበር። አያ ከቅዳሴ በኋላ ባገኙት ማኪና ተሳፍረው ከአዘዞ ይመጣሉ። የሚያሳድጉት ልጅም አብሮ ይመጣል። ልጁ የባለቤታቸው ነው፤ ወላጅ አባቱ ጣሊያን ነበር፣ ወደ አገሩ ሲሄድም ልጁን አላየውም። አያ «ልጄ» ይሉታል፣ እሱም «አባባ» ይላቸዋል፤ ስለ ሌላው በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ዝምተኛ ነበር። በመጣ ቁጥር ቆፍሮ ያወጣውን ምስጥ በቆርቆሮ ይዞ ይመጣል፣ ጫጩቶቹ ከምስጥ የበለጠ የሚወዱት ነገር የለምና።

ሁለቱ ሰዎች ከሽቦው ፊት ቆመው ይከራከራሉ። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ምነው ይኸ ወንዱ ደነዘዘብህ?» ይላሉ አያ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱማ የኔም አገር አለ። የኔው ይጮሃል፣ ያንተው ይጸልያል።»

አባቴ ይስቃል። በሳምንት አንድ ቀን የሚስቀው ያን ጊዜ ነበር።

«አንተ ሰው፣ እህትና ወንድም እያጋባህ እስከ መቼ ነው የምትኖር? የንስሐ አባትህ ያውቃሉ?» ይላሉ አያ።

«ወፍ ንስሐ አባት የለውም።»

«አንተ ግን አለህ!»

«ስማ፣ እኔ መጽሐፍ ስገለብጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። አንዲት ፊደል የጨመርኩ እንደሆነ መምህሬ ብራናውን እንደገና ያስፍቁኝ ነበር። የተቀበልኩትን እንደተቀበልኩት ነው የማስረክብ።»

«ለማን? ለጣሊያኑ?»

«ለሚመጣው።»

«እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ነኝ። ብቻውን የሚበላ ቅመም አይቼ አላውቅም። የኔን ነጭና ያንተን ወርቅ ብናዋህዳቸው ሸጋ ነገር ይወጣቸው ነበር። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያቸው ነበር።»

«ከዚያስ? ወርቁ ወርቅ አይሆን፣ ነጩ ነጭ አይሆን። አንዴ ከተቀላቀለ ማን መልሶ ይለየዋል?»

«ሳይቀላቀል ያለቀውንስ ማን ይመልሰዋል?»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ምሳ ይቀርባል። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና «ምነው ይኸ ወንዱ ደነዘዘብህ?» ይላሉ። እኔ ለዚህ ክርክር መጨረሻ ያለው አይመስለኝም ነበር፤ እንዲኖረውም አልፈልግም ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ለዘመድ ሠርግ ወደ መካነ ብርሃን ወሰደኝ። ከደባርቅ በኋላ በበቅሎ ነበር የሄድነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ነገር ግን ሽማግሌዎች ከቤቱ ኋላ ተሰብስበው ይቆጥራሉ። አንዲት አሮጊት ከሌላ ቀበሌ መጥተው ሙሽራውና ሙሽራይቱ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም ብለው ነበር። አባቴ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ቆጠራውን እንዲጽፍ አስቀመጡት። ከሙሽራው ወገን አንዱ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ጣቱን ያጥፋል፤ ከሙሽራይቱ ወገንም ሌላው እንዲሁ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ሰዎች አንድ ስም ጠሩ።

«አንድ ቤት ጎደለ» አሉ ሽማግሌው።

በቃ። ሠርጉ ቀረ። ማንም አልጮኸም። ሙሽራይቱ ከጎጆው በር ላይ ቆማ አየኋት፤ እጇ በእንሶስላ ቀልቶ ነበር።

ስንመለስ አባቴ በቅሎውን እየሳበ ፊት ፊት ሄደ። የሊማሊሞ ቁልቁለት በሩቅ ሲታይ፣ «አየሽ ልጄ፣ ሰባት ቤት ቢሞላ ኖሮ ባዕድ ይሆኑ ነበር» አለኝ። «ሰባት ከሞላ ሥጋነቱ ያልቃል። ሕጉ ነው። ወፎቹም እንዲያው ናቸው። ሰባተኛ ቤት ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ባዕድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ አያም አፉ ይዘጋል፣ እንቁላሉም እንደ ድሮው ይፈለፈላል።»

ይህን ያለበት ምክንያት ነበረው። መጀመሪያ አሥር እንቁላል ቢታቀፍ ዘጠኙ ይፈለፈል ነበር ይላል። ያን ጊዜ ግን ግማሹ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ከተፈለፈሉትም ጥቂቶቹ እግራቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። አባቴ ቤት በቤት ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ገዛልኝ። በማስመሪያ እያሰመርኩ የእያንዳንዱን ቤት ወንድና ሴት፣ የተፈለፈሉበትን ወር፣ እግራቸው ላይ ለምልክት የታሰረውን ክር ቀለም እጽፍ ጀመር። የትምህርት ቤት ደብተሮቼን እንኳ እንደዚያ በጥንቃቄ አልያዝኩም። አባቴ ማታ ይቀበለኝና ገጹን ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየዋል፤ ስርዝ ድልዝ ካላገኘበት «ሸጋ ጸሐፊ» ይለኛል። ለዚያች ቃል ስል ብዙ ነገር አደርግ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. አዘዞ ፈንግል ገባና የአካባቢውን ዶሮ ሁሉ ፈጀ። አያ ከነበሯቸው ነጫጮች አንድ ወንድ ብቻ ቀረላቸው። በተከታዩ እሑድ መጡ። ቀልድ አልጀመሩም። ከሽቦው ፊት ብዙ ቆሙና ደብተርሽን አምጪ አሉኝ።

ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መስመሮቹን ግን አዩ።

«ልጄ፣ ይኸ ከላይ ያለው የመጀመሪያው ጥንድ ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ከሱ ሥር ያሉት የነሱው ልጆች። ከነሱ ሥር የልጆቹ ልጆች።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ሰባት ቤት የሚቆጠር ከሁለት ወገን ነው። አንዱ በአባቱ በኩል፣ ሌላዋ በአባቷ በኩል ይወጡና ሳይገናኙ ሰባት ይሞላል። የነዚህ አባትና እናት ግን ከአንድ ጎጆ የወጡ ናቸው። ሰባት ቢሆን፣ ሰባ ቢሆን በአንድ በር ነው የምትገቢ። ይኸማ መራቅ አይደለም፣ እየተጠጉ መሄድ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በግልጽ ገባኝ። መካነ ብርሃን ላይ ጣታቸውን ያጥፉ የነበሩት ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በኛ ደብተር ውስጥ ግን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ጸሐፊዋ?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ዓይኑ ግን ፈገግ አላለም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እውነቱን ብናገር የዚያ ደብተር ትርጉሙ ሁሉ ይጠፋል፤ ማታ ማታ የሚያቀርበው ብርሃንም፣ «ሸጋ ጸሐፊ» ማለቱም።

«ሰባት ሲሞላ ያልፋል» አልኩ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አያ አላመኑኝም፤ አየሁባቸው። ዳሩ ግን ልጅን ማሳፈር አልፈለጉም።

«በል እንግዲህ» አሉ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ቆጠራውን እንተወው። ልለምንህ ነው የመጣሁ። ከሴቶችህ አንዲቷን ስጠኝ። የኔው ብቻውን ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ ሽቦውን ይዞ ይዞራል። ሲወልዱ ግማሹን ላንተ አመጣለሁ።»

«ሴት ቆቅ ፈልግለት።»

«እኔ አልቀለድኩም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ወደ ሰባተኛው ቤት የሚያደርሱኝ እነዚህ ናቸው። አንዲቷን አውጥቼ ብሰጥህ ምን ይተርፈኛል?»

«ጤነኛ ጫጩት ይተርፍሃል! እግሩ ያልታጠፈ! እንደ ሰው የሚቆም!»

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያን ቀንም ብዙ ከፍ አላደረገውም። «እኔ በግቢዬ ዲቃላ አላሳድግም» አለ።

ልጁ ምስጡን በቆርቆሮ ይዞ ከአያ ኋላ ቆሞ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ አያን አልፏል። ማንም ወደ እሱ አላየም፣ እኔ ብቻ አየሁት። ቆርቆሮውን ዝቅ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይደፋ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ።

አያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እኔ አሳድጌያለሁ» አሉ። «ና ልጄ፣ እንሂድ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ለወፍ የተናገረው እንደሆነ፣ ሰው እንዳላሰበ ሊናገር ፈልጎ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ግን አልተናገረም። እስከ አጥሩ በር ድረስ እንኳ አልሸኛቸውም። ምሳው ቀርቦ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ በላን፣ ብዙ ተረፈ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ከዚያም በሚቀጥለው። አባቴ እሑድ እሑድ የወፎቹን ቤት ሁለት ሁለት ጊዜ ይጠርግ ጀመር። አንዳንዴ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ የሚታይበት ጉብታ ላይ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ፣ የሚሄድበት ጉዳይ እንደነበረው ሰው ጥቂት ጭራሮ ይዞ ይመለሳል። እኔ የአያን ሥፍራ ልሞላ ሞከርኩ። ከሽቦው ፊት ቆሜ «ምነው ይኸ ወንዱ ደነዘዘ?» አልኩት አንድ ቀን። አባቴ በትሕትና «ሙቀቱ ነው» አለና ወደ ቤት ገባ። ደግሜ አልሞከርኩም።

ስድስተኛው ቤት አለፈ። ሰባተኛው የመጣው በ1951 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። አሥራ አንዱን እንቁላል፣ ልትታቀፍ ለተቀመጠች የአበሻ ዶሮ ሰጠን። የዶሮ እንቁላል በሃያ አንድ ቀን ይፈለፈላል፣ የፋጃኖ ግን ሁለት ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ አባቴ ዶሮዋ ተሰላችታ እንዳትነሣ በእነዚያ ሁለት ቀናት አጠገቧ ተቀምጦ እህል ከእጁ ያበላት ነበር። ሁለት ጫጩት ወጣ። አንዱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቀረችው ሴት ነበረች፤ የግራ እግሯ አንድ ጣት ታጥፏል። ደብተሩ ላይ «ሰባተኛ ቤት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አባቴ ገጹን ተቀብሎ አየና አጠፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ዝም ያሉ ናቸው። አሮጌዎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ሞቱ። የመጨረሻው ወርቃማ ወንድ በ1953 ክረምት ጠዋት ላይ በጭቃው ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ ተገኘ። ጣተ ጎባጣዋ ሴት ብቻዋን ቀረች። በየሚያዝያው እንቁላል ትጥላለች፤ አባቴም ባዶ መሆኑን እያወቀ ያስታቅፈዋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያችን ሴት የሚመጥን ወንድ በጎንደር ዙሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አዘዞ ነው፣ በእግር እንኳ ግማሽ ቀን አይሞላም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሳንናገረው ምሳ እንበላለን።

በመስከረም 1955 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። አባቴ አውቶቡሱ እስኪነሣ ቆሞ ጠበቀ። ብዙ ሰው ልጁን ይሸኛል፤ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ወንድሞች በመስኮት ስንቅ ያቀብላሉ። እሱ ጋቢውን ይዞ ብቻውን ቆሟል። «እሷን አደራ» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። «እሷ አለች» አለኝ። አውቶቡሱ ወደ ጠዳ ቁልቁል ሲወርድ ያሰብኩት ማታ ሲገባ የቤቱን ዝምታ ከእሱ ጋር የሚሰማ አለመኖሩን ነው።

የሥነ ሕይወት መምህራችን ጥር ላይ ስለ ውርስ አስተማሩን። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየሣሉ በመስመር አገናኟቸው። ከአንድ እናትና አባት የወጡ እንስሳት እርስ በርስ ሲራቡ የሚሆነውን አስረዱ፤ በየትውልዱ ደማቸው ይበልጥ እየተመሳሰለ፣ የተሸሸገው ድካም እየወጣ፣ እንቁላሉና ሽሉ እየመከነ ይሄዳል አሉ። ዘር ሳይቀላቀል መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ቤተሰብ ከሌለው አይሆንለትም፤ ወይ ከውጭ ደም ያስገባል፣ ወይ ያልቅበታል። ሌሎቹ ይጽፉ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ የማየው የራሴን ደብተር ነበር። ያን የሚሉትን አያ ሳያነቡ ነግረውኛል፤ እኔም ያን ዕለት ገብቶኛል።

ለአባቴ ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ደስ የሚያሰኘውን መጻፍ ቀላል ነበር፤ ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ጤናዬ ደኅና ነው። እሱን ጽፌ ቀደድኩት። በመጨረሻ ሰባቱን ቤት ከእነመስመሩ ሣልኩና ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ «አባባ፣ ቆጠራችን ስሕተት ነበር። የቆጠርነው ከአንድ ወገን ነው። አያ እውነታቸውን ነበር። ያን ቀን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ገብቶኝ ሳለ አንተን ደስ ለማሰኘት ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ።» ፖስታ ቤት ከጣልኩት በኋላ አውጥተው እንዲመልሱልኝ ልለምን ተመልሼ ነበር፤ መስኮቱ ተዘግቶ አገኘሁት።

መልስ አልመጣም። ዐቢይ ጾም ገባ። ዐቢይ ጾም ገባ። ደብዳቤ የደረሳቸው ተማሪዎች ስም በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በየቀኑ ከምሳ በፊት ሄጄ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ሰው እንዳያዝንልኝ የሌላ ሰው ስም እንደምፈልግ እመስላለሁ። ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን ነበር የሚከብደኝ፤ በምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እያወራ። አባቴ የነበረው ነገር አንድ እምነትና አንዲት ወፍ ነበር። እምነቱን እኔ በፖስታ ወሰድኩበት ብዬ አሰብኩ።

ደብዳቤው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በቁም ጽሕፈቱ ነበር የጻፈው፤ ፊደሎቹ እንደ ብራና መጽሐፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሰላምታውን ልተወውና ዋናው እንዲህ ይላል።

«የላክሽውን ሥዕል ጾሙን ሙሉ ሳየው ከረምኩ። እኔም ሰባተኛይቱ ጣቷ ታጥፎ የወጣች ጊዜ አውቄው ነበር፤ ላንቺ መንገር አፈርኩ። ማክሰኞ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሴቷን በቅርጫት ይዤ አዘዞ ወረድኩ። በሩን የከፈተልኝ ልጁ ነው። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የጭነት ማኪና ይነዳል። ብዙ ቆምኩ። ከዚያ፣ ያን ቃል የተናገርኩ እኔ ነኝ፣ ሰባት ዓመት አፌ ውስጥ ነበር፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እሱም ቅርጫቱን ተቀበለኝና ገልጦ አያት። ውሃ ጠምቷታል አለኝ። ገባሁ። አያሽ ምነው ዘገየህ ብሎ ተሳደበ። ወንዱ አለ፤ አርጅቷል፣ ጅራቱም ተሰብሯል።»

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም።

ሁለተኛው ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ሴቷ ስድስት እንቁላል ጣለች። ግንቦት 1 ቀን እንቁላሎቹን ዶሮ አስታቀፉ። በአራተኛው ቀን ያ አሮጌ ነጭ ወንድ ሞተ፤ ልጁ ከጓሮ ቀበረው። ስለዚህ ያላቸው እነዚያ ስድስት እንቁላሎች ብቻ ነበሩ። አምስቱ ባዶ ሆኑ። አንዱ ግንቦት 24 ቀን ተፈለፈለ። «እግሯ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁሉም ጣቷ ደኅና ነው» ይላል አባቴ። «ወንድ ትሁን ሴት ገና አልለየንም፤ ሴት ነች ብለን ይዘናል። ወንድ ከሆነች ደግሞ ካባዋ ነጭ ይሁን ወርቅ ሁለት ዓመት ካልቆየ አይታወቅም። አያሽ ነጭ ነው ይላል፣ እኔ ወርቅ ነው እላለሁ። ከነጋ እስኪመሽ ይህንኑ ነው የምንል። ልጁ ስቆብን ማኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ምስጥ ይዞ ይመጣል።»

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ «ዲቃላ» የሚለው ቃል የለም። ፈልጌው ነበር። «ጫጩቷ» ነው የሚላት፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ልጃችን» ይላል።

እኔም እዚህ ሆኜ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ክረምት ስገባ እንደማያት፣ አዲስ ደብተር እንደምገዛ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከሁለት ወገን እንደማሰምር። ለዚያች አብራኝ ለምትኖረው ልጅ እንኳ ልነግራት ነበር፤ ከየት እንደምጀምር አጣሁና ተውኩት።

ሦስተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። እሱም የተጻፈው ከአዘዞ ነው። ዝናብ ቀደም ብሎ ገባ ይላል፣ ብርድም ሆነ። ዶሮዋን ከነጫጩቷ ወደ ምግብ ቤቱ ኩሽና አስገቧቸው፤ አያ ከምድጃው አጠገብ፣ ልጁ በጋቢው ጠቅልሎ፣ አባቴ ውሃ በጥጥ እያጠባ ያዟት። አሥራ አንድ ቀን ኖረች። «ማናችን እንደረታን ሳናውቅ ቀረን» ይላል። «ሴቷ አለች፣ እንቁላል ግን አቁማለች፤ ወንድም ከእንግዲህ በዚህ አገር የለም። እኔ እስከ እሑድ እዚሁ እቆያለሁ።» ከሥሩ፣ መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ እንደሚያደርገው፣ የተፈጸመበትን ዕለት ብቻ ጽፏል፦ ረቡዕ፣ ሰኔ 5 ቀን 1955 ዓ.ም.